ፈቃድ ያጣው ፈታሽ

ከሰዓት በኋላ፣ መብራት በጠፋበት የድንጋይ ክሬሸር ግቢ፣ ሰርቨሩ በተቀመጠበት ኮንቴይነር ውስጥ፤ ክሬሸሩ የፈጨውን ወንድሙን ቀብሮ የመጣው የገልባጭ መኪና ሹፌር አንዳርጌ በሩን ከውስጥ ቆልፎ መዶሻ አንሥቷል፤ የማሽኑን ፕሮግራም የምትጽፈው ትርሲት ሰርቨሩን በጀርባዋ ከልላ ቆማለች።

ትርሲት፦ እኔን ይምቱኝ፣ ጋሼ አንዳርጌ። ሰርቨሩን ግን አይንኩት።

አንዳርጌ፦ ዞር በይ!

ትርሲት፦ አልዞርም።

አንዳርጌ፦ ልጅት፣ ከመቃብር ነው የመጣሁት። አፈሩ ከጥፍሬ ውስጥ አልወጣም። ዛሬ ሴት ናት፣ ልጅ ናት ብዬ የምምረው ሰው የለም።

ትርሲት፦ አይማሩኝ። ግን ይህን ከሰበሩት ወንድምዎ እንዴት እንደሞተ የሚናገር አይኖርም።

አንዳርጌ፦ እንዴት እንደሞተማ ታውቋል። ቢራራ ነው የገደለው። ይህ ሳጥን ደግሞ ለቢራራ ጠበቃ ሆኖ ቆሟል። ሥራ አስኪያጃችሁ ቀብሩ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? «ማሽኑ ራሱ ነው የተነሣው፤ የኮምፒውተር ችግር ነው» አለ። ኮምፒውተር እስር ቤት ይገባል? ኮምፒውተር እናቴ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይላል? ይህ የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ጭጭ ብሎ መብራቱን ማብለጭለጭ!

ትርሲት፦ ሥራ አስኪያጁ እውነቱን ነው።

አንዳርጌ፦ ምን አልሽ?

ትርሲት፦ ማሽኑ ራሱ ነው የተነሣው። ማንም አልተጫነውም።

አንዳርጌ፦ አንቺንም አስጠንተውሻል!

ትርሲት፦ ማንም አላስጠናኝም።

አንዳርጌ፦ ቢራራ ኦፕሬተር ነው። ማሽኑን ማስነሣት የእሱ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት ሻይ ቤቱ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ወንድሜን ልዑልን ምን አለው? «አንድ ቀን ከድንጋዩ ጋር ነው የምፈጭህ» አለው። ፈጨው። ቃሉን የጠበቀ ሰው ነው።

ትርሲት፦ ተጣልተው ነበር። ሰው በንዴት ብዙ ነገር ይላል።

አንዳርጌ፦ የሬሳ ሣጥኑን ተሸክመሽዋል አንቺ?

ትርሲት፦ አልተሸከምኩም።

አንዳርጌ፦ እኔ ተሸክሜዋለሁ። የአንድ ጎልማሳ ሬሳ አይመስልም፤ የሕፃን ነው የሚመስለው። እናቴ ከኋላ እየተከተለች «ለምን ቀለለ? ልጄ ለምን ቀለለ?» ትላለች። ምን ልበላት? «ግማሹ ከጠጠሩ ጋር ሄዷል» ልበላት? «በገልባጭ ጭኜ ለመንገድ ሥራ አድርሼልሻለሁ» ልበላት?

ትርሲት፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት።

አንዳርጌ፦ አያጽናኝ! ዛሬ አያጽናኝ። ነገ ያጽናኝ። ዞር በይ!

ትርሲት፦ ቆይ... ምንድን ነው የሚጮኸው?

አንዳርጌ፦ አትስሚው።

ትርሲት፦ የሰው ድምፅ ነው። ቢራራ ነው? እየደበደባችሁት ነው?

አንዳርጌ፦ ዱላው ጠዋት አልቋል። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ተደብቆ አገኘነው። በሩን፣ መስኮቱን፣ የቁልፉን ሰሌዳ፣ ያለውን ሁሉ በዚህ መዶሻ አፈራርሼ በእግሩ ጎትቼ አወጣሁት። ዘበኞቻችሁ አጥር ዘለው ሲሸሹ ሳቄ መጣ።

ትርሲት፦ አሁን የት ነው ያለው?

አንዳርጌ፦ ልዑል በነበረበት።

ትርሲት፦ የት?

አንዳርጌ፦ ክሬሸሩ መንጋጋ ውስጥ። ልዑል በቆመባት ቦታ፣ በዚያችው። የአጎቴ ልጆች አስረው አስገብተውታል። እስኪናዘዝ እዚያው ይቆማል።

ትርሲት፦ ያስወጡት! ጋሼ አንዳርጌ፣ አሁኑኑ ያስወጡት! በእግዚአብሔር!

አንዳርጌ፦ ምን ያስጮህሻል? መብራት የለም። ማን ይፈጨዋል? ትንሽ ላብ እንዲያልበው ነው።

ትርሲት፦ ልዑልም እንደዚሁ ብሎ ነው የገባው!

አንዳርጌ፦ ስሙን አትጥሪው!

ትርሲት፦ «መብራት የለም፣ ማን ይፈጨኛል» ብሎ ነው የተቀረቀረውን ድንጋይ ሊያወጣ የገባው። መብራት መጣ። ማሽኑ ማንንም ሳይጠብቅ ተነሣ። ዛሬም መብራት ሲመጣ ይነሣል። ቢራራ ውስጡ ነው!

አንዳርጌ፦ ይህንን ነው ያስጠኑሽ።

ትርሲት፦ እሺ፣ አይመኑኝ። ዋናውን ማጥፊያ ብቻ ያስጠፉልኝ። እሱ ከጠፋ መብራት ቢመጣም ማሽኑ ጋ አይደርስም።

አንዳርጌ፦ ማጥፊያው ሰሌዳው ላይ አይደል እንዴ?

ትርሲት፦ አዎ፣ እሱን።

አንዳርጌ፦ ሰሌዳውን አፈራርሼዋለሁ አልኩሽ። እጀታው ተገንጥሎ ወድቋል።

ትርሲት፦ እንደበራ ነው ወይስ ጠፍቶ?

አንዳርጌ፦ እኔ እንዴት አውቃለሁ! እየመታሁ ነበር እኮ!

ትርሲት፦ ቀዩስ ቁልፍ? የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው?

አንዳርጌ፦ ፍርስራሹ ውስጥ ፈልጊው።

ትርሲት፦ አምላኬ። ምንም የሚያቆመው የለም ማለት ነው።

አንዳርጌ፦ እንግዲያው አስረጂኝ። ብረት ያለ ሰው እጅ እንዴት ይነሣል? ካሳመንሽኝ አስወጣዋለሁ። ካላሳመንሽኝ መጀመሪያ ሳጥኑን፣ ቀጥሎ አንቺን።

ትርሲት፦ እያስወጡት ልንገርዎ።

አንዳርጌ፦ መጀመሪያ ተናገሪ።

ትርሲት፦ ማሽኑ የራሱ ጭንቅላት የለውም። መብራት በመጣ ቁጥር ይህን ሰርቨር «ምን ልሥራ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰርቨሩ ባትሪ ስላለው ነቅቶ ይጠብቀዋል፤ መጨረሻ የተቀበለውን ኮድ ይሰጠዋል። ማሽኑም የተሰጠውን ይሠራል። ሰርቨሩን ከሰበሩት ደግሞ የሚመልስለት ስለማይኖር በእጁ ያለውን የትናንቱን ይሠራል። ለዚህ ነው አይንኩት ያልኩዎት።

አንዳርጌ፦ እና ትናንት «ሰው ፍጭ» አላችሁት?

ትርሲት፦ የድሮው ኮድ «መብራት ሲመጣ ዝም በል፤ ሰው አረንጓዴውን ቁልፍ እስኪጫን ጠብቅ» ይላል። አዲሱ «መብራት ሲመጣ ወዲያው ተነሣ» ይላል።

አንዳርጌ፦ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይቀበላል?

ትርሲት፦ ሰርቨሩ መቀበል አልነበረበትም። ፈታሽ አለው።

አንዳርጌ፦ የምን ፈታሽ?

ትርሲት፦ ባንክ ሲገቡ በር ላይ ኪስዎን የሚፈትሽ ሰው የለም?

አንዳርጌ፦ አለ።

ትርሲት፦ እኛም አለን። ትንሽ ስክሪፕት ነው። አዲስ ኮድ ሲላክ በሩ ላይ አስቁሞ ቦርሳውን ይበረብራል፤ በማስመሰያ ማሽን ላይ ያስኬደዋል። ሰው የሚጎዳ ከሆነ «አይገባም» ብሎ ይመልሰዋል። ቢሮ ውስጥ ስሙ ራሱ ፈታሹ ነው።

አንዳርጌ፦ እና ትናንት ሽንት ቤት ሄዶ ነበር ፈታሻችሁ?

ትርሲት፦ እሱን ነው የማላውቀው። ዛሬ የመጣሁትም ለዚህ ነው። ላፕቶፔን ልክፈትና እርስዎ ፊት ልየው።

አንዳርጌ፦ ተቀመጪ። ሁለቱንም እጅሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ። መዶሻዬንም አጠገባቸው አደርገዋለሁ። እንዲተዋወቁ።

ትርሲት፦ እሺ... አለ። ፈታሹ አለ። ሰርቨሩን ከከተማ ወደዚህ ስናዛውር የጠፋ መስሎኝ ነበር።

አንዳርጌ፦ ካለ ታዲያ?

ትርሲት፦ ቆይ። አንድ ፊደልም አልጎደለበትም። ልክ እንደነበረ ነው። ግን አልሠራም... አልሠራም... እ።

አንዳርጌ፦ ምን «እ»?

ትርሲት፦ ፈቃድ የለውም።

አንዳርጌ፦ በሚገባኝ ተናገሪ!

ትርሲት፦ ሰውየው በሩ ላይ ቆሟል። የደንብ ልብሱን ለብሷል። ሰው የማስቆም ፈቃድ ግን ተነሥቶበታል። እያንዳንዱ ፋይል ፈቃድ አለው፤ የመነበብ፣ የመጻፍ፣ የመሥራት። የእሱ የመሥራቱ የለም።

አንዳርጌ፦ ታዲያ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፈዋላ።

ትርሲት፦ ያልፈዋል። ያውም ሰርቨሩ ነግሮናል። ኮድ በተላከ ቁጥር «ፈታሹ ፈቃድ ስለሌለው ታልፏል» የሚል ቢጫ መስመር ያሳያል።

አንዳርጌ፦ ማን አነበበው?

ትርሲት፦ ማንም። ቀይ ከሆነ እናነባለን። ቢጫ አናነብም።

አንዳርጌ፦ ወንድሜ ቀለሙ ቢጫ ስለሆነ ሞተ በይኛ። ፈቃዱን ማን ነሣው?

ትርሲት፦ ሆን ብሎ የነሣው የለም። ሲዛወር ነው። መስመሩ እየተቆራረጠ በኢንተርኔት መላክ ስላልተቻለ በፍላሽ ተገልብጦ መጣ። ፍላሽ ፋይሉን ይይዛል፤ ፈቃዱን ግን አይዝም።

አንዳርጌ፦ መኪናው መጣ፤ ሊብሬው ቀረ።

ትርሲት፦ እንደሱ ነው።

አንዳርጌ፦ በፍላሽ የገለበጠው ማነው?

ትርሲት፦ ይህ አሁን ምን ይጠቅማል? ቢራራን ያስወጡትና...

አንዳርጌ፦ ማነው?

ትርሲት፦ ቢራራ አይደለም።

አንዳርጌ፦ ማነው አልኩሽ!

ትርሲት፦ ልዑል ነው።

አንዳርጌ፦ ምን?

ትርሲት፦ የግቢው ቴክኒሻን እሱ ስለነበረ... አይ! ፀጉሬን! ጋሼ አንዳርጌ፣ ፀጉሬን!

አንዳርጌ፦ በሞተ ሰው ላይ! አፈሩ ሳይደርቅ! መልስ አይሰጥም ብለሽ!

ትርሲት፦ ጠረጴዛው... አፍንጫዬ... አያጋጩኝ፣ እባክዎ! ሰማያዊ ፍላሽ ነች! በአንገቱ ያንጠለጠላት! በእርስዎ መኪና ነው የመጣችው!

አንዳርጌ፦ ዝም በይ!

ትርሲት፦ ጋቢና ውስጥ ከእርስዎ ጎን ተቀምጦ!

አንዳርጌ፦ ዝም በይ አልኩሽ...

ትርሲት፦ እሱ አላጠፋም። ማንም ቢሆን እንደዚያው ያደርግ ነበር። ጥፋቱ የእሱ ነው አላልኩም።

አንዳርጌ፦ «አንዳርጌ ቀስ ብለህ ንዳ፤ ክሬሸሩ በሙሉ አንገቴ ላይ ነው ያለው» አለኝ። እየሳቀ። እኔም «ከመቼ ወዲህ ነው ያንተ አንገት ክሬሸር የሚሸከመው» ብዬ ማጅራቱን መታሁት።

ትርሲት፦ ፀጉሬን ይልቀቁኝ።

አንዳርጌ፦ ...ደም ነው። ከአፍንጫሽ ነው። ጥረጊው።

ትርሲት፦ እሺ።

አንዳርጌ፦ ልዑል ይሙት፣ ዋሽተሽኝ ከሆነ... ሞቷል ለካ። ዕድሜዬን ሙሉ በእሱ ነበር የምምለው። ከእንግዲህ በማን ልማል?

ትርሲት፦ ጋሼ አንዳርጌ፣ መብራቱ...

አንዳርጌ፦ ቆይ። አልጨረስንም። ፈታሹ ፈዞ ቆሟል፣ እሺ። የፈዘዘ ፈታሽ ግን ሰው አይገድልም። በቦርሳው ቦምብ ይዞ ያለፈ ሰው አለ። ማነው? ቢራራ ኮድ ይጽፋል?

ትርሲት፦ አይጽፍም።

አንዳርጌ፦ ልዑል ይጽፍ ነበር?

ትርሲት፦ አይጽፍም።

አንዳርጌ፦ ማነው የሚጽፈው?

ትርሲት፦ እኔ።

አንዳርጌ፦ አንቺ።

ትርሲት፦ እኔ ነኝ የላክሁት።

አንዳርጌ፦ ቀና በይና ንገሪኝ። ዓይኔን እያየሽ።

ትርሲት፦ ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ «መብራት በመጣ ቁጥር ሰው ሄዶ እስኪጫነው ለምን እንቆማለን? ራሱ ይነሣ» አለኝ። አደገኛ መሆኑን አውቅ ነበር። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሰው ፊት እምቢ ማለት አልችልም። ከልጅነቴ ጀምሮ አልችልም። «እሺ» አልኩት። ጻፍኩት። ፈታሹ ይመልሰዋል ብዬ ላክሁት። ከዚያ ገብቼ «እኔማ ልኬ ነበር፤ ሰርቨሩ ነው እምቢ ያለኝ» ልለው ነበር።

አንዳርጌ፦ ላንቺ እምቢ የሚልልሽ እሱ ነበር።

ትርሲት፦ አዎ።

አንዳርጌ፦ ይሉኝታ ነው? ወንድሜን የፈጨው ያንቺ ይሉኝታ ነው?

ትርሲት፦ ልኬው ላፕቶፑን ዘጋሁት። ቢጫውን መስመር እንኳ አላየሁትም። አፍሬ ነበር።

አንዳርጌ፦ አፍረሽ!

ትርሲት፦ የፈለጉትን ያድርጉኝ። አልሸሽም። ግን መጀመሪያ ቢራራን ያስወጡት።

አንዳርጌ፦ ቢራራ ምንሽ ነው?

ትርሲት፦ ምኔም አይደለም።

አንዳርጌ፦ ምኗም ላልሆነ ሰው ራሷን የምትሰጥ ሴት አላየሁም። ፍቅረኛሽ ነው? ዘመድሽ ነው? «ትንሽ ልጅ ነች፣ ይምራታል፤ ጥፋቱን በእሷ ላይ እናላክከው» ተባብላችሁ ነው?

ትርሲት፦ መልኩን እንኳ ለይቼ አላውቀውም። እሺ፣ አይመኑኝ፤ እስኪያምኑኝ ድረስ እኔ ልሥራ። የድሮውን ኮድ ልመልሰው። ለፈታሹ ፈቃዱን ሰጠሁት። አሁን የድሮውን ልላክ... እንዴ!

አንዳርጌ፦ ምን ሆንሽ?

ትርሲት፦ እምቢ አለኝ።

አንዳርጌ፦ ማን?

ትርሲት፦ ፈታሹ። ነቅቷል። ግን እኔንም አላሳልፍም አለ።

አንዳርጌ፦ ሃ! ገዳዩን ሰላም ብሎ አስገብቶ አዳኙን በር ላይ ያዘ! አሁን ገና የኛ አገር ፈታሽ መሆኑን አመንኩ።

ትርሲት፦ የሚፈትሽበትን ማስመሰያ ማሽን በድሮው ሰርቨር አድራሻ ነው የሚፈልገው። ቤት መቀየራችንን የነገረው የለም። ስላላገኘው ሁሉንም ይመልሳል። አድራሻውን ላስተካክልለት።

አንዳርጌ፦ ይህ የሚንጫጫው ምንድን ነው ደግሞ?

ትርሲት፦ የሰርቨሩ ባትሪ ነው። እያለቀ ነው። እጄን አይግፉኝ፣ እባክዎ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳትኩ እንደገና ነው። አድራሻው... ይኸው። ላክሁት። እየፈተሸ ነው። እየፈተሸ ነው... አስገባው!

አንዳርጌ፦ ምን ማለት ነው?

ትርሲት፦ የድሮው ተመልሷል። አሁን መብራት ቢመጣ ማሽኑ ዝም ይላል። ግን አይተማመኑበት፤ እኔም ተማምኜበት ነበር። አሁን ያስወጡት።

አንዳርጌ፦ ዝም ይላል?

ትርሲት፦ ዝም ይላል።

አንዳርጌ፦ አየሽ እንዴት እንዳማረልሽ? መብራት ይመጣል፣ ማሽኑ ዝም ይላል። እኔ ምን አየሁ? ምንም! «ራሱ ይነሣ ነበር፤ አሁን አስተካከልኩት» ብለሽኝ ትሄጃለሽ። ሞኝ መሰልኩሽ? መልሺው።

ትርሲት፦ ምኑን?

አንዳርጌ፦ የትናንቱን። ገዳዩን ኮድ መልሺው።

ትርሲት፦ ቢራራ ውስጡ እያለ?

አንዳርጌ፦ ውስጡ እያለ። መብራት ሲመጣ በራሱ ከተነሣ ቢራራ ንጹሕ ነው።

ትርሲት፦ ንጹሕ ሆኖ ይሞታል እኮ!

አንዳርጌ፦ ካልተነሣ ደግሞ ገዳዩ እሱ ነው፤ በእጄ ይሞታል።

ትርሲት፦ ባዶውን እንየው! እሱን ያስወጡትና ባዶውን ማሽን ቆመን እንየው!

አንዳርጌ፦ ልዑል ሲነሣበት ባዶ ነበር? አልነበረም። ሁሉም እንደ ትናንቱ ይሁን። ይፍረድ ማሽኑ።

ትርሲት፦ ማሽን አይፈርድም፤ የተሰጠውን ነው የሚሠራው! እንግዲያው እኔን ያስገቡኝ። እኔ ነኝ የላክሁት።

አንዳርጌ፦ አንቺ ከገባሽ ማን ይጽፋል? መልሺው!

ትርሲት፦ አል...

አንዳርጌ፦ «አልመልስም» ልትይኝ ነው? ለሥራ አስኪያጁ ያላልሽውን ለእኔ? ለእሱ እሺ፣ ለእኔ እምቢ? እሱ ከረባት ስላሰረ ነው?

ትርሲት፦ መዶሻውን... ግራ እጄን ይልቀቁኝ... ጋሼ አንዳርጌ፣ በእናትዎ...

አንዳርጌ፦ በእናቴ?

ትርሲት፦ አአአ! ጣቴ! ጣቶቼ! እናቴን! እናቴን!

አንዳርጌ፦ ቀኝሽ አለልሽ። በእሱ ጻፊ።

ትርሲት፦ አልቻልኩም... ዓይኔ አያይም...

አንዳርጌ፦ እንባሽን ጥረጊና ጻፊ። ቀኙንም ልጨምረው?

ትርሲት፦ እሺ።

አንዳርጌ፦ አልሰማሁሽም።

ትርሲት፦ እሺ። እሺ አልኩ። እጽፋለሁ።

አንዳርጌ፦ እንደሱ ነው። እሺ ማለት ታውቂበታለሽ።

ትርሲት፦ እየጻፍኩ ነው።

አንዳርጌ፦ ምን እያልሽው ነው? ሁሉም እንግሊዝኛ ነው።

ትርሲት፦ እንግሊዝኛ ነው።

አንዳርጌ፦ ጨረስሽ?

ትርሲት፦ ጨረስኩ።

አንዳርጌ፦ ፈታሹ?

ትርሲት፦ እንደ ትናንቱ ነው። ሁሉም እንደ ትናንቱ ነው።

አንዳርጌ፦ ጥሩ። እንጠብቃለን። መስኮቱ ጋ ሆኜ አየዋለሁ።

ትርሲት፦ ቢራራ ይታይዎታል?

አንዳርጌ፦ ጭንቅላቱ ብቻ። የአጎቴ ልጆች ጥላ ሥር ቁጭ ብለዋል። አንዱ ሲጋራ ያጨሳል።

ትርሲት፦ መጮሁን አቁሟል።

አንዳርጌ፦ ደክሞት ነው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እናቱን እየጠራ ነው መሰለኝ። ልዑል ለመጥራት እንኳ ጊዜ አላገኘም።

ትርሲት፦ አዎ።

አንዳርጌ፦ መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው?

ትርሲት፦ አይታወቅም።

አንዳርጌ፦ ትናንትስ?

ትርሲት፦ ትናንትም አልታወቀም።

አንዳርጌ፦ ይሞቃል ይህ ኮንቴይነር።

ትርሲት፦ አልቦዎታል።

አንዳርጌ፦ ቆርቆሮ ነው እኮ፤ ሙቀቱ ነው። ...እጅሽ አብጧል።

ትርሲት፦ አዎ።

አንዳርጌ፦ በነጠላሽ ጠቅልይው። ...መብራት ሲመጣ ወዲያው ነው የሚነሣው ወይስ ትንሽ ይቆያል?

ትርሲት፦ ሰርቨሩን እስኪጠይቅ ነው። ሰው አንድ ጊዜ እስኪተነፍስ።

አንዳርጌ፦ በዚያች ጊዜ ሰው ዘሎ አይወጣም?

ትርሲት፦ ልዑል አልታሰረም ነበር። አልቻለም።

አንዳርጌ፦ ይህ ደግሞ ታስሯል።

ትርሲት፦ ታስሯል።

አንዳርጌ፦ ዝም ካለ... ማሽኑ ዝም ካለ እሱ ነው ማለት ነው፤ አይደል?

ትርሲት፦ ያሉት እርስዎ ነዎት።

አንዳርጌ፦ አንቺ ምን ትያለሽ?

ትርሲት፦ እኔ የምለውን ጨርሻለሁ።

አንዳርጌ፦ ወደዚህ እያየ ነው። ወደ መስኮቱ። ፊቱ ነጭ ሆኗል፤ የጠጠሩ አቧራ ነው። ልዑልም ማታ ማታ እንደዚህ ነጭ ሆኖ ነበር ቤት የሚገባው። እናቴ «ዱቄት ሻጩ መጣ» ትለው ነበር። እኔ...

ትርሲት፦ አምፖሉ በራ።

አንዳርጌ፦ መጣ! መብራቱ መጣ! እናንተ! አውጡት! አውጡት! ገመዱን ቁረጡት! ሊነሣ ነው! ይፈጨዋል! ቢራራን አውጡት፣ ይፈጨዋል፣ ይፈጨዋል! ቁረጡት! ...እሺ። እሺ፣ ጎትቱት። ...ወጣ። ወጥቷል። መሬት ላይ ነው።

ትርሲት፦ ተመስገን።

አንዳርጌ፦ አልተነሣም።

ትርሲት፦ አልተነሣም።

አንዳርጌ፦ መብራቱ መጥቷል፤ ለምን አልተነሣም?

ትርሲት፦ የትናንቱን አልመለስኩትማ። ባዶ ገጽ ላይ ነበር ስጽፍ የቆየሁት።

አንዳርጌ፦ እሺ ብለሽኝ ነበር!

ትርሲት፦ አፌ ነው እሺ ያለዎት። እጄ እምቢ አለ።

አንዳርጌ፦ አታለልሽኝ! እኔን! ስለዚህ ምንም አላየሁም ማለት ነው። ማሽኑ ቆሟል፤ ንቅንቅ አላለም። ሰው ካልተጫነው አይነሣም! ከመጀመሪያውም ቢራራ ነው! መልሳችሁ አስገቡት ብዬ ልጩህላቸው ነው፤ አንቺም ቀኝሽን ጠረጴዛው ላይ አድርጊ!

ትርሲት፦ ይኸው እጄ። ግን ሳይጮሁ አንድ ነገር ይመልሱልኝ፣ ጋሼ አንዳርጌ። ሰው ካልተጫነው የማይነሣ ማሽን ከሆነ፣ አምፖሉ ሲበራ «ይፈጨዋል» ብለው የጮኹት ለምንድን ነው?